ቀጠሮ የተያዘለት ድምፅ

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሴን ሲሰማ አንድ ዓይነት ፊት ያሳየኛል። «የዳቦ ቤት ሶሻል ሚዲያ እይዛለሁ» ስለው፣ «ዳቦ ደግሞ ሶሻል ሚዲያ ምን ያደርግለታል? ሲርበን እንገዛው የለ እንዴ!» ይለኛል። ድሮ ድሮ ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን «እሺ፣ ሲርብህ ና» ብዬ አልፈዋለሁ። ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ስለሆንኩ ይኼ ለእኔ ትልቅ መሻሻል ነው።

ዳቦ ቤቱ የአክስቴ ነው። ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላታል፤ እኔ ግን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ «እቴቴ» ነው የምላት። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ተቀንሼ፣ ቤቴ ኩርምት ብዬ ግድግዳ ግድግዳ ሳይ በሬን በርግዳ የገባችው እሷ ናት። «ተነሺ እንጂ! ስልክሽን እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ስትጎረጉሪው ነው የምትውይው፤ ነይና ለእኔ ጎርጉሪልኝ» አለችኝ። ከዱቄት ጆንያዎቹ አጠገብ ወንበር አስቀመጠችልኝ፤ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። እንዲያ አድርጋ ሰው ያደረገችኝን ሴት ዕድሜ ልኬን ባመሰግናት አይበዛባትም።

እቴቴ ድምፅ ነበራት። ድምፅ ስላችሁ ዘፋኝ እንዳትመስላችሁ፤ ስትዘፍንማ ጋጋሪያችን ጆሮውን ይዞ ነበር የሚወጣው። ስታወራ ነው እንጂ። ባንኮው ጀርባ ቆማ አንዱን ደንበኛ «እንዴት አደርክ?» ስትለው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ «እግዜር ይመስገን!» ብሎ ይመልስ ነበር። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ይኼን ድምፅ ቀርጬ የዳቦ ቤቱ ገጽ ላይ መጫን ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት አጭር ቪዲዮ ይወጣል፤ እቴቴ ትኩስ ዳቦ በእጇ ይዛ ታወራለች፣ ትቀልዳለች፣ ማሳረጊያዋ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ግቡና ሰላም በሉኝ! ካልመለስኩላችሁ ታዘቡኝ!»

ሰው ወደዳት። ሰፈሩ ብቻ አይደለም፤ ከሌላ ሰፈር ታክሲ ይዘው «ሰላም ልንልሽ መጣን» የሚሉ ሁሉ ነበሩ። እኔም ሥራዬን አሳመርኩ። ለየትኛው ጠዋት የትኛው ቪዲዮ እንደሚወጣ ቀድሜ ፕላን አወጣለሁ፤ ቪዲዮውን ጭኜ ሰዓቱን እሞላለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ እኔ ተኝቼም ብሆን ራሱ ይወጣል። እኛ የሙያው ሰዎች ሼጁል ማድረግ እንለዋለን። እቴቴ «ቀጠሮ መያዝ» ነው የምትለው፤ «ለነገ ቀጠሮ ያዝሽልኝ?» ትለኛለች፣ ፀጉሯን ልትሠራ የምትሄድ ይመስል።

ከደንበኞቹ ሁሉ ግን ጋሽ ፍሬን ይለያል። የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ስሙን ያወጣችለት እቴቴ ናት፤ አውቶቡሱ ፍሬን አለው፣ አፉ ግን የለውም ብላ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዳቦ ሊገዛ ይገባና ነገር ይጀምራል።

«ይኼ ዳቦ ትናንት ነው የተጋገረው ወይስ በእኔ ሠርግ ጊዜ?»

«ካንተ ሠርግማ ምን ተርፎ! ሙሽራው ራሱ ጨርሶት!»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እሱ ሌላ ቃል ሊያስገባ ሲሞክር እሷ ቀድማ ሌላ ትጨምራለች፤ ሁልጊዜ ተሸንፎ፣ ግን እየሳቀ ነው የሚወጣው። እቴቴም ያን ቀን በደህና ትውላለች። እሱ ካልመጣ «ምን ነክቶት ይሆን?» እያለች በር በሩን ነው የምታየው።

ታዲያ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። በሻሽ እየሸፈነች ብዙ ጊዜ ደበቀችኝ፤ ባወቅኩ ዕለት ጮኼባት፣ እጇን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ እንቅርት መሆኑን ነግሯት መውጣት አለበት አለ። ቀጥሎም ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «የድምፅ ነርቭ በዚያው በኩል ስለሚያልፍ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ድምፅዎ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ከወዲሁ ቢያውቁት ብዬ ነው» አላት።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እቴቴ ዝም አለች። እቴቴ ዝም ስትል እኔ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ፈራሁ። በመጨረሻ፣ «ከመተኛቴ በፊት ቅጂኝ» አለችኝ። «ብዙ አድርገሽ ቅጂኝና ቀጠሮ ያዥልኝ። እስኪሻለኝ በዚያ እቆያለሁ። ለማንም ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

«እቴቴ፣ ምን ማለትሽ ነው? መታመም ነውር ነው እንዴ? እንንገራቸው እንጂ!»

«አንቺ አታውቂም» አለችኝ። «አጎትሽ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ አዘነልኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከፍተውብኝ አይደለም። ግን ስንት ጊዜ ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልቀለደብኝም! የሚገባው ሁሉ አንገቱን ዘመም አድርጎ ‹አይዞሽ› ብቻ። ዳቦ ቤት መሆኑ ቀርቶ ለቅሶ ቤት መስሎ ከረመ። ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ፤ ያለኝ ያ የጠዋት ጨዋታዬ ነው። እሱን ካጣሁ እኮ ዳቦው ምን ያደርግልኛል?»

ተከራከርኳት። ወይ ፍንክች! «በሞቴ» አለችኝ በመጨረሻ። ኦፕራሲዮን የምትሆን ሴት «በሞቴ» ስትል ምን ይባላል? እሺ አልኩ።

ዳቦ ቤቱ በተዘጋበት ከሰዓት በኋላ ቀረጻ ጀመርን። ሻሽ በሻሽ ላይ፣ ሽርጥ በሽርጥ ላይ ከምረን፣ አንዱን አውልቃ አንዱን ትለብሳለች፤ በየቀኑ የተቀረጸ እንዲመስል ነው። ሕጉን ነገርኳት፦ ዛሬ አይባል፣ ብርድ ነው ሙቀት ነው አይባል፣ ማክሰኞ ረቡዕ አይባል። ቪዲዮው የሚወጣበት ቀን ምን እንደሚመስል ማን ያውቃል?

«እሺ» ትልና ካሜራው ሲበራ፣ «እንዴት አደራችሁ! ይኼ ዝናብ ደግሞ…»

«እቴቴ!»

«ውይ! ዝናብ አልኩ እንዴ?»

«አልሽ!»

«አየሩን ሳላማ ወሬ እንዴት ልጀምር? ምን ዓይነት ሥራ ነው የምትሠሪው አንቺስ!»

ጋጋሪያችን ሥራ ያለ እንዲመስል ያንኑ አንድ ፓትራ ዳቦ ተሸክሞ ከኋላዋ ሲመላለስ ዋለ። ሲመሽ ፓትራውን ዘጭ አድርጎ፣ «ይኼ ዳቦ እኮ ከእኔ ጋር አረጀ» አለ። እቴቴ እስክታለቅስ ሳቀች። ያን ሳቅ አልቆረጥኩትም፤ እሱንም ለአንድ ጠዋት ቀጠሮ ያዝኩለት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። የወጣው ነገር ተመርምሮ ክፉ ነገር የለበትም ተባለ። ተመስገን ነው። ስትነቃ ግንባሯን ሳምኳት፤ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። «እ?» አልኳት። ደግማ ሞከረች። ጆሮዬን ከንፈሯ ላይ ስለጥፍ፣ «ውሃ» ስትል ሰማሁ። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል፣ በግድ እንዳታስወጣው፣ ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ነገረን። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም፤ ምልክት እየሰጠች ስልኬን ጠየቀችኝ። ያን ጠዋት የወጣውን ቪዲዮ አየችና አውራ ጣቷን ቀና አደረገች።

እሷ ሐኪም ቤት ስትተኛ ጋጋሪው «እትዬ ከውስጥ ሥራ በዝቶባታል» እያለ ደንበኛውን አታለለ። ትንሽ እንደተሻላት ግን ቤት የሚያስቀምጣት ጠፋ። አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ባንኮው ጀርባ ቆመች። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዱ የፈላው።

ሰው ይገባል። ጠዋት አልጋው ላይ ሆኖ እቴቴን ስልኩ ላይ አይቷታል፤ ስቃለች፣ ጮኻለች፣ «ሰላም በሉኝ፣ ካልመለስኩላችሁ ታዘቡኝ» ብላዋለች። እየሳቀ ይገባና «እትዬ፣ እንዴት አደርሽ!» ይላል። እሷ ትመልሳለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን ከባንኮው አያልፍም፤ ከኋላ የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ያጓራል፣ ከውጭ መኪናው ይጮሃል። ሰውየው ትንሽ ይጠብቃል። ደግሞ ይላታል። እሷ ፈገግ ብላ ዳቦውን ትሰጠዋለች። ፊቱ ኩም ሲል እኔ ከጥግ ሆኜ አያለሁ። ልነግረው ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፤ ግን ቃል ገብቻለሁ።

ገጹ ላይ ኮሜንቱ ተለወጠ። «በስልክ ፍቅር፣ በአካል ኩርፊያ» አለ አንዱ። ሌላዋ «ዝነኛ ስትሆን እኛን ረሳችን፤ ፊት ነሳችኝ እኮ» ብላ ጻፈች። እቴቴ እንዳታይብኝ እየተሯሯጥኩ እደብቃለሁ። ባንኮው ፊት የሚሆነውን ግን ማን ይደብቅላት? ሰው ዳቦውን ይወስዳል፤ ዓይኗን አያይም። ጨዋታው ደረቀ። እንዲያዝኑላት አልፈልግም ያለችው ሴት፣ ያዘኑባት ሆነች።

ጋሽ ፍሬን ከሁሉም በላይ ታገሠ። ጠዋት ጠዋት እየመጣ ነገር ይወረውራል፤ እሷ የምትመልሰው አይሰማውም፤ ግራ ገብቶት ይወጣል። አንድ ጠዋት ግን ሌላ ሰው ሆኖ ገባ። ቤቱ ሙሉ ነበር። ዳቦውን ተቀበለ፣ አልወጣም። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮው ላይ አስቀመጠና ከፈተው። የእቴቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ያ ድሮ መንገድ የሚሻገረው ድምፅ፦ «ግቡና ሰላም በሉኝ! ካልመለስኩላችሁ ታዘቡኝ!»

«ይኸው ገባሁ» አላት። «ሰላም ብያለሁ። እንዴት አደርሽ?»

እቴቴ አፏን ከፈተች። የአንገቷ ሥር ሲገተር አየሁ። ሰው ሁሉ ያያል፤ ማሽኑ ያጓራል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልተሰማም።

«በቃ» አለ ጋሽ ፍሬን። ቁጣ እንኳን አልነበረበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያመመኝ። «ታዝቤሻለሁ።» ዳቦውን መልሶ ባንኮው ላይ አኖረና ወጣ።

ልከተለው ተነሳሁ። ልጮህበት፣ ልነግረው፣ ምን እንደማደርግ እንጃ! እቴቴ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ። ከዚያ ለቀቀችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ጋጋሪውን ባንኮው ላይ አቁሜ ስከተላት የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«መልሼለት ነበር እኮ» አለች በዚያ በትንፋሿ። «እግዜር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት አደርክ፣ ነበር ያልኩት።»

እዚህ ጋ ገነፈልኩ። «መለስሽለት! ግን ማን ሰማሽ? እቴቴ፣ ያቺ ስልክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ሰዎችሽን አንድ በአንድ እየቀማችሽ ነው! እኔ ነኝ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የምልካት! ከአሁን በኋላ አልልክም። ብትፈልጊ በሞቴ በዪ፣ ብትፈልጊ በሞትሽ በዪ፣ አልችልም!» ማሽኑ በዚያው ቅጽበት ቀጥ ስላለ የመጨረሻዋን ቃል ውጭ ያለው ደንበኛ ሁሉ ሳይሰማት አልቀረም።

እቴቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ «አንቺ ደግሞ ጩኸትሽ!» የሚሉ መሰለኝ። ከዚያ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና ሻሹን ፈታች። ጠባሳው ገና ቀይ ነበር።

«ቅጂኝ» አለችኝ።

ማሽኑ ተመልሶ እንዳይነሳ ለጋጋሪው ነገርኩት፣ በሩን ገርበብ አደረግን። ፕላን የለ፣ የሻሽ ልዋጭ የለ፣ ከኋላ የሚመላለስ ፓትራ የለ። ስልኩን አፏ ድረስ አስጠጋሁ። እንዲህ አለች፦

«ጠዋት ጠዋት የምትሰሟት እኔ ሐኪም ቤት ከመተኛቴ በፊት የተቀረጸች ናት። ኦፕራሲዮን ሆኜ ድምፄ ሄዷል። ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ በሕይወት ተርፌያለሁ፣ ተመስገን። ሰላም ብላችሁኝ ያልመለስኩላችሁ መስሏችሁ የከፋችሁ ሁሉ፣ መልሼላችኋለሁ። አንዱንም አላለፍኩም። አልተሰማችሁም እንጂ።» ትንሽ ተነፈሰችና፣ «ጋሽ ፍሬን፣ እግዜር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ?» አለች።

የቀሩትን ቪዲዮዎች ሁሉ ከቀጠሯቸው ሰረዝኩ። ይኼኛውን ቀጠሮ አልያዝኩለትም፤ እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወዲያው ለቀቅኩት።

በማግስቱ ገና ሳንከፍት በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ ነበር። አበባ የያዘም፣ ማር የያዘም፣ ባዶ እጁን የመጣም አለ። «በማር በደንብ ታሺው» የሚል፣ «የእኔም እናት እንዲህ ሆና ድናለች» የሚል። ልቤ ሞላ። ከልብስ ሰፊው ጀምሮ እያንዳንዳቸውን አቅፌ ብስማቸው ደስ ባለኝ። ግን አንድ ነገር ነበር፤ ሁሉም ይንሾካሾካሉ! አንዷ ባንኮው ላይ ተደግፋ፣ «እትዬ… እንዴት… አደርሽ…» አለቻት በትንፋሽ።

እቴቴ ወደ እኔ ዞራ ተናገረች፤ እኔም ጮክ ብዬ አስተላለፍኩ፦ «የታመመው ጉሮሮዬ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም፣ ትላለች!»

ማንም አልሳቀም። አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ «እኔን! አይዞሽ፣ እትዬ» አሉ። እቴቴ ሁሉንም እጅ እየነሳች አመሰገነች። ከልቧ ነበር፤ ዓይኗን እያየሁ አውቃለሁ። ግን በመሃል ወደ እኔ ቀና ስትል የምትለውን ያለ ድምፅም ሰማሁት፦ አላልኩሽም? ኩም አልኩ። ሰዎቿን መለስኩላት ብዬ፣ ለቅሶ ቤቱን ነው እንዴ የመለስኩላት?

ያን ጊዜ አውቶቡስ ደጃፋችን ላይ ቀጥ አለ። መቆሚያ ባልሆነ ቦታ፣ ከነተሳፋሪው። ጋሽ ፍሬን ወርዶ ገባ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ባንኮው ፊት ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ እኮ…» አለ፤ «በስልክ ለአገር ሁሉ ስትስቂ እያየሁ፣ እኔ ፊትሽ ስቆም ዝም ስትይኝ፣ ምን በደልኳት እያልኩ ስብከነከን ነው የከረምኩት። ይቅር በይኝ።»

እቴቴ ራሷን ነቀነቀችና እጇን እጁ ላይ ጣል አደረገች። ቤቱ ሁሉ ዓይኑን ይጠርጋል። እኔማ ተዉኝ። ጋሽ ፍሬን ግን አንዴ የሚያለቅሰውን ሰው፣ አንዴ ያዘመመውን አንገት ሁሉ ዞሮ አየ። ግንባሩ ተቋጠረ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «እንዳትቆጪ ግን።» ከዚያ ቆም ብሎ፣ «ኧረ ተቆጪ! ብትቆጪስ ማን ይሰማሻል?»

አንዲት ሴት «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች። እሱ ምን ገዶት!

«እግዜር ይስጠው ያን ሐኪም! ይኼን ሁሉ ዘመን አንዲት ቃል ላስገባ ብዬ ፍዳዬን ሳይ ኖሬ፣ ዛሬ ገና ተራ ደረሰኝ! ስሙኝማ ጎበዝ፣ የዚህች ሴት ዳቦ ድንጋይ ነው! ድንጋይ! በይ እስቲ መልሺልኝ!»

የእቴቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ክው ብዬ ልሄድላት ስል ፊቷን አየሁት። ትስቃለች! ምንም ድምፅ የለውም፤ ሆዷን ይዛ፣ ባንኮውን ተደግፋ፣ እንባዋ እየፈሰሰ ትስቃለች። በጣቷ ጠራችው። ጋሽ ፍሬን ባንኮው ላይ ተንጠራርቶ ጆሮውን ሰጣት። የሆነ ነገር አለችው። ብድግ ብሎ ጭኑን መታ።

«ሰማችሁ የምትለኝን? ‹ጥርስህን ሁሉ አስነቅለህ ስታበቃ ዳቦዬን አትማ› ትለኛለች! ድምፅ የላትም አላችሁኝ አይደል? መርዟስ መቼ ሄደ!»

ያን ጊዜ ቤቱ ፈረሰ። የተንሾካሾኩት ሁሉ ጮኹ፤ ጋጋሪው ከጓዳ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለ ሮጦ መጣ። ሌላውም «ለእኔስ? ለእኔም አንድ በዪልኝ!» እያለ ባንኮው ላይ ጆሮውን ደቅኖ ተሰለፈ። ውጭ ተሳፋሪዎቹ ሾፌራቸውን እየጠሩ ይቆጣሉ፤ እሱ የሰማም አይመስል።

እቴቴ እጄን ሳበችኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁላት።

«አየሽው?» አለችኝ፤ ትንፋሿ ይሞቃል። «ቀለደብኝ እኮ!»

ሌላ ነገር ልትጨምር ሞከረች፤ ከዚያ በላይ ግን ጉሮሮዋ አልቻለም። ምን ልትል እንደነበረ ገብቶኛል። ስለዚህ እኔ ጮክ ብዬ፣ ለሁለታችንም፣ ተመስገን አልኩ።